አይጥፋ

ሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ አጠፋሁ፤
የቀን ተማሪው ሲወጣ እገባለሁ፤
ባልዲው በግራዬ፣ ዳስተሩ በቀኝ፣
ብናኙ ሽበት ላይ ሽበት እየጫነኝ።

ጎንደር፣ ሐኪም ግቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ልብና ሳንባ አለ፣ ጉበትም አለ ሲታይ፤
ዙሪያውን ጽሕፈቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣
አንዱ አንዱን ተከትሎ ሲሮጥ፣ ሲተላለፍ።
ለእኔ ያው ነበረ፤ ጠረግ፣ ጠረግ፣ ጠረግ፤
ልብም ሆነ ጉበት፣ ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ።

ከጥጉ አንድ ነገር፣ በሳጥን ታጥሮ፣
አራት ፊደል ብቻ፣ ከሥሩ ተሰምሮ።
ያምረኛል አጥሩ፤ ስለሚያምረኝ ደግሞ
እሱን እጠርጋለሁ ከሁሉ አስቀድሞ፤
በእርጥብ ጨርቅ፣ በደንብ፣
ምልክት እንዳይቀር።

አንዳንድ ቀን ጠዋት ላይ መምህሩ ይቆጣል፤
‹‹ይኼን ማን አጠፋው?›› ድምፁ ታች ይወርዳል።
በልቤ እላለሁ፦ ምን ጉድ ነው ዘንድሮ፣
ንጹሕ ነገር ጠላ ሰው ተምሮ ተምሮ!

ለምን ጀመርሽ ይሉኛል። ትልቅ ነገር የለም።
ጥበቃው ፈንታሁን ‹‹አንቺ? ሳምንት አትዘልቂም››
ብሎ ቢወራረደኝ በአንድ ኪሎ ስኳር፣
እልህ ነው ያስገባኝ በማታው ክፍል በር።

አምሳ ሦስት ዓመቴ። አግዳሚው የሕፃን ነው፣
ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሲጋጭ ነው የማመሸው።
መምህሩ ይበልጣል፣ ከልጄ ያንሳል፤
‹‹እትዬ ትርንጎ፣ ‹ሀ› ይበሉ›› ይላል።
‹‹ሀ ሦስት ዓይነት ነው›› ሲለኝ ተናደድኩኝ፤
አንዱን ሳልጨርሰው ሁለት ዕዳ ጫኑብኝ።

ጠመኔ ሰጠኝና ‹‹‹መ› ይጻፉ›› ሲለኝ
ጽፌ ሳልጨርሰው መዳፌ ቀደመኝ፤
ጠረግኩት። ሳቁብኝ። ሳቅኩ እኔም አብሬ፤
የለመደ እጅ ነው፣ አይለቅም በዛሬ።

‹‹ጡረታሽ ደርሷል እኮ፣ ሰባት ዓመት ቀርቶሽ፣
ከእንግዲህ ‹ሀ› ብለሽ ምን ልትሆኚ አስበሽ?››
አለችኝ ጎረቤቴ ደብሬ። ዝም አልኳት።
ከፈንታሁን ስኳር ግን ግማሹን ሰጠኋት።

ክረምቱ ሲወጣ ቀሃ እንደሚጠራ፣
ጭቃው ታች ይሰክናል፣ ጠጠሩ በተራ
ብቅ ብቅ ይላል። እንደዚያ ሆነልኝ።
ከፒያሳ ስወርድ ‹ዳቦ ቤት› ታየኝ፤
‹መድኃኒት› ታየኝ፤ ባጃጁ ጀርባ ላይ
‹ቀስ በ…› ብዬ ስጀምር በረረ፣ ሳልለይ
ቀሪውን።

ማታ ሦስት ሰዓት፣ እርጥብ ጨርቄን ይዤ
ያ ሳጥን ጥጉ ላይ። ቆምኩኝ ፈዝዤ።
አ።
ይ።
ጥ።
የመጨረሻዋን ልቤ ቀድሞ አወቃት።
ፋ።

ተቀመጥኩኝ እዚያው፣ የትልቅ ሰው ወንበር ላይ።
ስንቱ ልጅ ማለዳ ደብተሩን ዘርግቶ
ያልቀዳውን ሲሻ ጥቁር ብቻ አግኝቶ…
ያ ቁጡ መምህር፣ ለካ እውነቱን ነው።
ልመናውን ራሱን፣ ከሁሉ አስቀድሜ፣
የጠረግኩት እኔው።

ተነሣሁ። ያን ማታ ወለል ብቻ ጠረግኩ።
ከጥራጊው መሃል ስባሪ ጠመኔ አገኘሁ፤
ከሳጥኑ በታች፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣
‹እሺ›
ብዬ ጻፍኩ። ‹ሺ›ዋ ወደ ግራ አዘነበለች።
መዳፌ እንደ ልማዱ ተነሣ ሊጠርጋት፤
ያዝኩት።
ጋዋኔ ኪስ ከተትኩት፣
እንዳይቀድመኝ።