የመስመር ዳኛ

ደሴ፣ ጦሳ ሥር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የጉም ቤት፣
አንድ መስመር ነው ያለን ለአምስት መሥሪያ ቤት፤
ሲጠሩት ሰፊ ነው፣ ስሙ ሃያ ሜጋ፣
ሲቀዳ ግን ጭላጭ፣ ሲመሽም ሲነጋ።
ሆስፒታሉ አለ፣ ራጅ የሚያይበት፣
ፋይናንሱ አለ፣ ደመወዝ የሚሠራበት፣
ብድርና ቁጠባው፣ ኮሌጁ፣ መዝገብ ቤት፣
አንድ ጥያቄ ነው ሁሉም የሚያውቅበት፦
«ዘይነባ፣ ኔትዎርኩ ዛሬም ተኛብን?»
«አልተኛም፤ ተሻማንበት እንጂ ሁላችን።»

አባቴ እንድሪስ ሙሄ፣ ጊራና ቆላ ላይ፣
የውሃ ዳኛ ነበር፤ ሹመቱ ከሰማይ
ሳይሆን ከጎረቤት። ደብተር የለው፣ ሰዓት፣
በእግሩ ጫማ ነበር ጥላን የሚለካት፤
«ሰባት ጫማ ጥላ የወይዘሮ ዓለሚቱ፣
ዘጠኝ የሼህ ሰይድ፣ ሽንኩርት ነው መሬቱ፤
ብርቱካን ይታገሣል፣ ችግኝ ግን አይችልም፣
ጥም እንጂ ጉልበት ተራ አይቀድምም።»

እኔ አካፋ የለኝም። ያለኝ ራውተር ነው፣
መብራቱ እንደ ጥርኝ ዓይን ብልጭ የሚለው።
የፋይናንሱ አረጋኸኝ ኳስ ይወዳል፣
የትላንቱን ጨዋታ በሥራ ሰዓት ያወርዳል፤
«የመስመር ዳኛዋ መጣች» ይላል ሲያየኝ፣
«ባንዲራሽን አንሺ፣ ኦፍሳይድ ነው በይኝ!»
ይስቃል። እስቃለሁ። ወደ ክፍሌ ወጥቼ
ከሃያው ሁለቱን ሰጠሁት፣ ለክቼ።

ያኔ ነው የተነሳው የቢሮው አቧራ።
ኃላፊው ደወሉ፦ «ገደብ? በማን ሥራ?
ሌላውን አጥብበሽ፣ የእኔን ግን ክፈቺው።»
«ከማን ላምጣልዎት? ስሙን ይጥሩልኝ፣ ይኸው።»
ስልኩ ተዘጋ።

ሐሙስ ጧት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ራጅ፣ ከመርሳ፣
ከብርቱካን ዛፍ የወደቀ ልጅ፣ ክንዱ የማይነሳ፤
መጣ፣ መጣ፣ መጣ፣ በመስመር በመስመር፣
ክርኑ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ቀረ ጅምር።
ሲስተር ትብለጥ ደወለች፦ «ግማሽ አጥንት አለኝ፣
ዶክተሩ ቆሞ ነው፣ ቀሪውን አምጪልኝ።»

«አረጋኸኝ!» አልኩ በልቤ፣ ደረጃውን ስሮጥ፣
ግራፉን ከፈትኩት ሌባውን ልገልጥ፤
አረጋኸኝ ጨዋ፣ ሁለቱ ላይ ተቀምጧል፣
ኮሌጁ ዝግ ነው፣ ኃላፊውም ወጥቷል።
አሥራ ሰባት ሜጋ አንዱ ነው የዋጠው፤
አድራሻውን አነበብኩ። የእኔው ክፍል ነው።

የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ሰርቨሩ የሚልከው፣
ሰው ሁሉ ሲተኛ ብዬ፣ እኔው ያዘዝኩት ነው።
«ስምንት ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌሊት ማለቴ፣
በአገሬ አቆጣጠር፣ እንደ እናት አባቴ፤
ማሽኑ ግን ሌላ ነው የቀን አቆጣጠሩ፣
ስምንት ያለው ጧት ነው፣ ሲከፈት የቢሮ በሩ።

አባቴም አንድ ጊዜ፣ ጨረቃ በወጣ ለት፣
ቦይ ተሰብሮ፣ ሌባ ፍለጋ ወጡ በሌሊት፤
የረጠበው ማሳ የእርሱው ሆኖ ተገኘ።
«ፍልፈል ነው የቆፈረው» ማለት ይችል ነበር፤
አላለም። ሁለት ተራ ተወ፣ በገዛ አፉ፣ ለመንደር።
ሽንኩርቱ ጠወለገ። እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።
ውሃዋ ግን በተራዋ፣ በጫማ ተለክታ ሄደች።

ሰርቨሩን አስቆምኩት። ሰዓቱን አስተካከልኩ፣
ለራሴም፣ እንደ ሰው፣ ሁለት ሜጋ ለካሁ።
ከዚያ ክርኑ መጣ፣ ከዚያ አንጓው፣ ጣቱ፣
ቀጭን ጥቁር ቦይ ሆኖ ታየ ስብራቱ።

በሬ ላይ ለጠፍኩ፦
«የዛሬው መጨናነቅ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘይነባ እንድሪስ።»
ማታ ስወጣ አየሁት፤ ከስሜ በታች
አረጋኸኝ አራት ማዕዘን ስሎ፣
በቢጫ ማርከር፣ ቀለሙ እስኪደርቅ፣ ሞልቶታል።
ምንም አልጻፈበትም።