አንድም

የመጀመሪያው የቤት ሥራ፦ አንድ ቦታ ምረጡ፣
ሁለት ሰዓት ተቀመጡ፣
ያያችሁትን ጻፉ። ሌላ አትጨምሩ።
ቀላል መሰለኝ።

ዊኒፔግ ጥር ላይ ሽፋሽፍት በረዶ ያበቅላል፤
ሙቀት ያለው ቦታ ብቻ ይመረጣል።
ሳርጀንት ጎዳና፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣
አሥራ አራት ማሽን፣ «ተበላሽቷል» የተለጠፈበት ሦስት፣
ከመስኮቱ ሥር ብርቱካንማ ወንበር።
እንዲህ ብዬ ጀመርሁ፦
«አንዲት አሮጊት አለች። ብቸኛ ናት።
የሰው ልብስ ታጥፋለች፣
ሐዘኗን አብራ ትደረድራለች።»
ዓረፍተ ነገሩ አማረልኝ፤ አልዋሽም፣ ኮራሁ።

ዶክተር ሲግሩን ቶርላክሰን መለሰችልኝ ወረቀቴን፣
ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በቀጭኑ፦
«ብቸኛ? ማን ነገረሽ?
እጆቿ ምን አደረጉ? እሱን ጻፊ።»

አጎቴ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ።
አንዲት ቃል ይዘው «አንድም» ይላሉ፣
ደግሞ ገልብጠው «አንድም» ይላሉ፣
እኔ ከግድግዳው ወዲያ እንቅልፌን እለጥጣለሁ።
አንዱ ፍቺ ሌላውን እንደማይገድል
ለመስማት ይህን ሁሉ ባሕር መሻገሬ!

በሦስተኛው ሳምንት አሮጌ መጽሐፍ አነበብን።
ጸሐፊው ስድስት ሳምንት ሰንብቶ
«ተጠራጣሪ ሕዝብ ነው» ብሎ ደመደመ፣
ማስረጃው ገጽ ሰማንያ ሰባት፣ ፎቶ፦ «ሴት፣ ቅርጫት ይዛ»።
ቅርጫቱ ስም አለው፣
የተሠራበት ሣር የላቲን ስም አለው፣
እሷ የላትም።
እኛ ስለ ሥልጣን ስንከራከር፣ ስለ ንድፈ ሐሳብ ስንፋጭ፣
ከሰሜን የመጣው ዳሪል ቢርዲ መጽሐፉን ወደ መብራቱ አዙሮ
«ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል» አለ።
ይኸው ነው የተናገረው።
ጥላዋ ወደ ኋላዋ ነበር። ሃያ ሰው አላየነውም።

ተመለስሁ። ማክሰኞ፣ ያው ወንበር።
ግራ እጅ ጠርዙን ይይዛል፣
አገጭ መሐሉን ይጫናል፣
ቀኝ እጅ ወርዶ ይወጣል፤ አራት ጊዜ።
ኪስ ውስጥ የተገኘ ሳንቲም ወደ ማሰሮው።
በእንግሊዝኛው ችግር አልነበረም፤
ለራሴ በአማርኛ ስገለብጠው ግን ብዕሬ ቆመ፦
«አጠፈች» ልበል ወይስ «አጠፉ»?
አንዲት ፊደል ስንት ዓመት ትመዝናለች?
ከዚያች መስመር ወዲህ «አጠፉ» ሆኑ፣
የፊተኛውን ግን አልሰረዝሁትም፤
ስሕተቴም የመስክ ማስታወሻ ነው።

በአራተኛው ማክሰኞ ደብተር ይዘው መጡ።
«ማሽን ሰባት ውሃ ያፈሳል፣ የሚለውን ዝለይው» አሉ፣
መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡልኝ፦
«ቀጭኗ ልጅ። ዛሬም ልብስ የላትም። ትጽፋለች።
ወይ ማዘጋጃ ቤት ልኳታል፣
ወይ ቤቷ ማሞቂያ የለውም፣
ወይ ሰው የላትም።»
ቀና አሉ። «የትኛዋ ነሽ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤
የሰው እጅ ስቆጥር ከርሜ
የምድር ቤቴ ማሞቂያ ከተበላሸ ዘጠኝ ቀኑን
የትም ገጽ ላይ አልጻፍሁትም።
«ሁለተኛዋ» አልሁ።
ትንሽ ጠበቁ።
ሦስተኛውን አልሰረዙትም።

ኤርሊንዳ ማናሎ ይባላሉ፤
ስማቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፣
ፊደሉንም እየተቆጡ አርመዋል።
አሁን ልብሴን ይዤ እመጣለሁ፣ ማሽን አራት።
አንሶላ ማጠፍ አስተምረውኛል፤ ጠርዙ በአገጭ።
ለምን በአገጭ እንደሆነ
ገና አልጠየቅሁም።