የኮፈኑ ሳንባ

ከጮቄ የወረደ ንፋስ ማርቆስ ላይ ጆሮ ሲቀድ፣
የኔዋ ላንድክሩዘር ይዛለች ብርድ ሻጭ ለአገረ ብርድ።
ዳሽቦርዷ ላይ የበረዶ ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለ፤
ስገዛት ደላላው «ሙሉ ኤሲ ናት» ብሎ በእናቱ ማለ፤
አሥራ አንድ ዓመት ነዳኋት፣ ቁልፉ ግን ጣቴን ሳያውቅ ዋለ።

ምንይችል ኮፈኑን ከፍቶ አጎንብሶ ሰማት፣
ሐኪም እንደሚያዳምጥ ጆሮውን አስጠጋላት።
እሱ ራሱ ትንፋሹ አጭር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቀለም ሲረጭ ከርሞ
የገበያውን ዳገት አይወጣም፣ ሦስት ጊዜ ሳያርፍ ቆሞ።
«ይቺ» አለኝ፤ ኮምፕሬሰሯን በአሥራ ሰባት ቁልፍ መታ፤
«ቁጭ ብላ ትውላለች፣ እንደ ከሰረ ጌታ።
ጋዟም ድሮ ወጥቶ አልቋል፤ የብርዱን ነገር እንተውና
ንፋስ እናስተፋት፤ መንገድ ላይ ጎሚስታ የለምና።»

ሳቅሁበት። በስሙ አላገጥኩ፤ «ምንይችል፣ ምን ይችል!
ጭብጥ የምታህል ብረት የኢሱዙ ጎማ ልትችል?»
አልመለሰም። ለመልስ የሚሆን ትንፋሽ አያባክንም እሱ፤
ብሎን በብሎን ይፈታ ጀመር፣ ዘይት ጠጥቶ ልብሱ።

ከተገለበጠ ኤንትሬ የፍሬን ንፋስ ጋን አመጣ፤
ለምትስብበት አፍንጫዋ የባጃጅ ፊልትሮ አወጣ፤
የወጣው እንዳይመለስ ወደ ፊት ብቻ የሚከፈት ቫልቮላ፣
ግፊት ሲበዛባት ደግሞ የሚያስተነፍሳት ሌላ፤
ስምንት ባር ሲሞላ ፍሪሲዮኗን የሚያላቅቅ ማጥፊያ፤
ማብሪያውማ አለ፤ ያው በረዶው የተሣለበት ማብሪያ።

መጀመሪያ ስናስነሣት ንፋስ ብቻ አልነበረም የተፋችው፤
ዘይቷንም ነበር፤ አዲሱን ሸሚዜን ቀባችው።
«ድሮ» አለ ምንይችል፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣
«ዘይቷ ከጋዙ ጋር እየዞረ ይመለስላት ነበር፤ አሁን ታለበ።
የሚወጣ እንጂ የሚመለስ የሌለው ቤት ይደርቃል፤
ብረትም እንደዚያው ነው፤ በወሩ ተናክሶ ይወድቃል።»
የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ቆርጦ፣ በድስት መፋቂያ ሽቦ ሞላ፤
ዘይቱ እዚያ ይያዝ፣ ይንጠባጠብ፤ ንፋሱ ይለፍ በኋላ።
በሳምንት አንድ ማንኪያ ዘይት በአፍንጫዋ እንድሰጣት፣
እንደ ሳል መድኃኒት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳጠጣት
አስማለኝ።

በሚያዝያ፣ ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ፣
ካፖርቱ ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፤ የማርቆስ ብርድ
ኋላ ወንበር ላይ ተቆለለ እንደ ተረሳ ዘመድ።
ምንይችል አጠገቤ ነው፤ ለሳንባው ሐኪም ፍለጋ፣ አዲስ አበባ፤
ሙቀቱ በመስኮት እንደ አበዳሪ ዘው ብሎ ገባ።
የሁለታችንም ዓይን እኩል ቁልፉ ላይ ደረሰ፤
በረዶው እዚያው ተሥሏል።
ማንም አልተነፈሰ።

ከድልድዩ ሳንደርስ ኢሱዙ ቆሟል፣ ጤፍ እንደ ጫነ፣ ተኝቶ፣
የፊት ጎማው አስፋልቱ ላይ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ተዘርግቶ።
ሾፌሩ አንበርብር፣ የቢቸና ልጅ፣ ተንበርክኮ ላብ ያልበዋል፤
ቀዳዳውን ደፍኖታል፤ ንፋሱን ግን ከየት ይቀዳዋል?

ቁልፉን ተጫንኩ።
ጠቅ አለች ፍሪሲዮኗ፤ ሞተሩ ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ፤
ከሁለት ሦስት፣ ከሦስት አምስት፣ የጌጁ መርፌ ኮበለለ።
ሃያ ደቂቃ። ጎማው ቀስ ብሎ፣ እንደ ታመመ በሬ፣ በጉልበቱ ተነሣ፤
ሃምሳ ኩንታል ጤፍ ከፍ አለ፤ አንበርብር ምርቃት ረሳ፣
በደስታ ተሳደበ።

ምንይችል ቱቦውን ተቀበለኝ፤ መንገዱ ጠርዝ ላይ አረፈ፤
ከጋኑ የቀረው ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሰው ግን ተረፈ።
ሸሚዙን በአንገቱ ከፍቶ የቱቦውን አፍ ወሸቀ፤
ሸሚዙ እንደ ድንኳን ተነፋ። እስኪያስለው ሳቀ።
«ይኸው ኤሲህ» አለኝ፣ በሁለት ሳል መሀል፤
«ደላላው አልዋሸህም፤ ብቻ አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቷል።»

ከዚያ ዝም አልን። ወንዙ ከታች ሳስቶ ይሄዳል።
ጋኑ ፉጨቱን ጨረሰ። ኮፈኑን ዘጋሁ።
ዳገቱ ይቀረናል።