ሊጥና ልጅ

ቴላቪ ተኝታ፣ ዶሮ ሳይጮህ ገና፣
እሳት አነዳለሁ፣ ጋጋሪ ነኝና።
የሸክላ ምድጃ፣ ጉድጓድ የመሰለ፣
አፉን ወደ ጣራ ከፍቶ የተተከለ፤
ወገቤን አጥፌ፣ ራሴን ዘቅዝቄ፣
ሊጥ እለጥፋለሁ፣ ትንፋሼን ሰንቄ።
አባቴም እንዲህ ነው፣ ያባቴም አባት፣
ፕላቶን፣ ቅንድቡን እሳት የላሰበት።

ማታ ያቦካሁት ሌሊቱን ኩፍ ይላል፣
ጨርቁን ገፍቶ ገፍቶ ከቡሃቃው ያልፋል።
ሊጡስ ያድግልኛል።
ልጄ ነው፣ ሺዮ ነው፣ ባለበት የቀረ፣
አሥራ ስድስት ገብቶ አሥራ ሁለት ላይ ያደረ።

በበሩ መቃን ላይ፣ በየፋሲካው ማግስት፣
ቁመቱን በቢላ ስጭር ኖሬ፣ ድንገት
የዘንድሮው ጭረት ባምናው ላይ አረፈ፤
እንጨቱ ጠለቀ እንጂ ልጁ መች አለፈ?

የጎረቤት ኦታር፣ ባራት ወር ታናሹ፣
ጢም አጎነቆለ፣ ጎረነነ ምላሹ።
በሠርግ ገበታ ሦስት ድምፅ ሲገጥም፣
ወፍራሙን ሊሸከም ከወንዶች ጋር ሲቆም፣
ሺዮ ሰሃን ያነሳል፣
ከአክስቶቹ መሃል ቀጭን ድምፁን ይውጣል።
ለስፖርት ልብስ ሲቀየር ሽንት ቤት ይገባል፣
ወንበር ያገኘ እንደሁ ወዲያው ያንቀላፋል።

ድካሙ! ያ ድካም፣ ስም ያላወጣንለት።
አሥር ሰዓት ተኝቶ፣ ሲነሣ ፊቱ አመድ፤
ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ፣
ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ።
"ሰነፍ!" አልኩት አንድ ቀን፤
"እኔ ባንተ ዕድሜ አንድ ጆንያ ባንድ ክንድ!"
ብዬ አሸከምኩት።
ጉልበቱ ከዳው። ጆንያው ተቀደደ።
ያዘንኩት፣ ልንገራችሁ፣ ለዱቄቱ ነበር።

"ተው" አለች እናቱ፣ ማክቫላ፣ "ምን ያስፈራ?
አመዳይ ወርዶበት ኋላ የሚጎመራ
ወይንም አለ እኮ። ደግሞስ አንተ ራስህ
ወታደር ቤት ገብተህ አይደል የበቀለው ጢምህ?"
እኔም መላው ቢጠፋኝ ያለኝን አበዛሁ፤
ትኩሱን፣ ጥብስ ጫፉን፣ ቆርሼ አጎረስሁ።
ብላ ልጄ፣ ብላ። ዳቦ ያጠነክራል።
በላ። ሆዱ ተነፋ። ክንዱ ከሳ። "እሺ" ይላል።

ትብሊሲ ወሰድነው። ኤቴሪ የምትባል፣
መነጽሯ ባንገቷ በክር የሚንጠለጠል፣
ደም ቀዳች፣ ባፉ በኩል ቀጭን ቱቦ ሰደደች፣
በሳምንቱ ጠርታን "ምን ይበላል?" አለች።
"ዳቦ" አልኳት በኩራት፣ "የእጄን ሥራ፣ የዛሬን።"
እስክሪብቶዋን አኖረች። አየች መዳፌን።

"ስንዴው ነው" አለችኝ። "አንጀቱ ውስጥ ያለው
ያ ለስላሳ ጠጉር፣ ምግብ የሚቀበለው፣
እንደታጨደ ማሳ ረግፎ ተላጭቷል፤
እህል ያልፍበታል እንጂ መች ይዘራበታል?
ሰውነት ስንቅ ሲያጣ ጉርምስናን ያቆያል።
ስንዴውን ከተወ፣ ዘግይቶም ይመጣል።"

ለካ እንጀራዬ ነው ልጄን ያስራበው።
"ማማ" ይለኛል እሱ፣ በእኛ አፍ አባት ማለት ነው፤
ማማ ሆኜ ቆሜ እህል ስጠብቀው፣
እህሉ ዞሮ ኖሯል ልጄን የበላው።

ስንመለስ ማታ፣ ጎምቦሪ በረዶ፣
ሺዮ እንቅልፍ ጥሎት ትከሻዬ ላይ ወርዶ፣
የኮቴ ስፌት ውስጥ ነጭ ዱቄት አየሁ።
አወለቅሁት።
ዳገቱን በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥሁ ወጣሁ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነን። የበቆሎ ቂጣ
በራሱ መጥበሻ፣ በራሱ ጨው።
የመቃኑን ቢላ ሺዮ ደብቆታል፤ አልጠየቅሁትም።
አሁንም ይደክመዋል። ግን ትናንት
ሦስተኛው ደረጃ ላይ አልተቀመጠም፣
ወይም እኔ አላየሁም።

ከሥራ ስመለስ፣ ጸጉሩን መዳበስ ሲያምረኝ፣
እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ጥፍሬን በቡሩሽ ፈትጌ፣
እንደ ቀዶ ሐኪም እጄን ወደ ላይ አንሥቼ እገባለሁ።
ዛሬ ሳቀብኝ።
"ጆሮህ ላይ ቀርቷል፣ ማማ" አለኝ።