መልሰው!

ከዓሣ ማራገፊያው ጀርባ በስተቀኝ፣
የጋሽ ተድባብ ቪዲዮ ቤት ነው ያሳደገኝ።
ቆርቆሮ ግድግዳ፣ ጆንያ መጋረጃ፣
ለሃያ ሰው ወንበር፣ ለስልሳ መፋጃ።
ሥራዬ ካሴት ነው፤ ማስገባት፣ ማውጣት፣
ማጫወቻውን በጥጥ፣ በአረቄ ማጽዳት፤
ከሁሉም በላይ ግን፣ ሰው ሲጮህ «መልሰው!»
ያንን ሰውዬ ደግሞ፣ ደግሞ መጣል ነው።

ያ ሰውዬ ማለት
አያ ድንብር ነዋ! ሰካራሙ ዘበኛ፣
ፉጨቱን የዋጠ፣ በር ላይ የሚተኛ፤
ሌባ ሲገባ ቆሞ ሰላምታ የሚሰጥ፣
ጌታው ሲመጣ ግን «ማነህ?» ብሎ የሚያፈጥ።
ፍቅርም ይሁን ሐዘን የፊልሙ ነገር፣
እሱ ሳይወድቅ በፊት አያልቅም ነበር፤
ከደረጃ፣ ካጥር፣ ከጋሪ፣ ከወንበር፣
ሠርግ ላይ ወጥ ድስት ውስጥ፣ ለቅሶ ላይ መቃብር።

እግሩ ሲንሸራተት ስልሳ ሰው ይነሳል፤
«መልሰው! መልሰው!» ቆርቆሮው ይታመሳል።
ጣቴን እጫናለሁ፤
ከመሬት ይነሳል፣ ወደ ላይ ይሳባል፣
ኮፍያው በርሮ መጥቶ ራሱ ላይ ይደፋል።
እለቀዋለሁ፤
ይወድቃል።
አንድ ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጥዬዋለሁ፤
ያኔ በኩራት ቆጠርኩ፤ ዛሬ እያፈርኩ አወራለሁ።

ዘንድሮ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣
ካሴት ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ
(እኔም የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ጥፍሬ ግራሶ የሞላ)
ወፍ ሳይንጫጫ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤
የሰው ሞተር ተሸክሜ፣ ብርዱን እየተሳደብኩ።
እምቦጩን በእግሬ ገፋ አድርጌ መቆሚያ ስፈልግ፣
ደንገል የከመሩ ሰዎች አየሁ፣ ጥግ።

ካፖርት የለበሰ የለም። የሰከረም።
አንድ ሽበታም ሰው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ፣
ደንገል በልጥ ያስራል፤
በጥርሱ ይስባል፣ በተረከዙ ይረግጣል።
ጆሮው ነው የነገረኝ፤
ስልሳ ሰው «የድስት ጆሮ» የሚለው ያ ጆሮ።
ሳቅ መጣብኝ። ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው።

«እድሪስ፣ ጠበቅ አርገው» አሉት አንድ ሽማግሌ፣
«አባትህ እንዲህ አላልቶ አያውቅም።»

እድሪስ?
በፊልሙ መጨረሻ፣ ሰው ወንበር እየገለበጠ ሲወጣ
እኔ ብቻ የማነበው ስም ሌላ ነበር፤
ብሩክ ነበር።
የደንገል አሳሪን ልጅ
ለውሸት ዘበኝነት እንኳ ማን ይቀጥረው ነበር?
እነዚያን ሰዎች ከተማው በምን ስም እንደሚጠራቸው፣
እኔም ስጠራቸው እንደኖርኩ፣
እዚህ አልጽፈውም።

አባትየው ከሞቱ አርባ ቀናቸው ነው፤
ግማሹ የታሰረ ታንኳ ትተው ሄዱ።
«ግማሽ ታንኳ አይወረስም» አሉኝ ሽማግሌው፣
እንዳልጠየቅኳቸው እያወቁ።

ነፋሱ በዘጌ በኩል ተነሳ፤
ጣና ቆዳውን እንደ ፈረስ አንቀጠቀጠ።
ታንኳዋን ገፋት። ወጣባት። ቆመ።
እውነቱን ልናገር፤ አፌ ተከፍቶ ነበር፣
ሳቄን አዘጋጅቼ እግሩን ነበር የማየው፤
አሁን ይንሸራተታል፣
አሁን ይገለበጣል፣
አሁን።

ጉማሬ የምታህል ማዕበል መጣች፤
ታንኳዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳች፤
እሱ ጉልበቱን ትንሽ ሰበር አድርጎ፣
ሸምበቆውን እንደ ሦስተኛ እግር ውሃው ላይ አሳርፎ፣
እንደ ጎረቤት ደጃፍ
አለፋት።

ለካ ያ ሁሉ ዘመን ስንስቅ የከረምነው፣
መቆም የሚያውቅ ሰው እግሩን ሲደብቅ ነው።

ወደ ደሴቶቹ እያነሰ ሄደ፤
ወፍ አከለ፤ ከዚያ ወፍም አላከለም።
«አንተ ልጅ፣ ሞተርህ ሰጠመ!» አሉኝ።
እውነትም ሞተሩ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ያውም የሰው ሞተር።
አውራ ጣቴ የሌለ ቁልፍ ተጭኖ ደርቋል፤
ማንም ሳይሰማ፣ ለጣና፣ ቀስ ብዬ
«መልሰው» አልኩት።