በእርሳስ

የሳስካቱን ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይቆጥራል፤
አውቶቡሴ ቆሞ ለብቻው ያጓራል።
ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ናት የዙሩ ዕረፍቴ፤
ጓደኞቼ ሲያጨሱ፣ እኔ ከጓንቴ
አንድ ጣት አውጥቼ ገጽ እገልጣለሁ፤
ከመቶ ዓመት በፊት ሐዲድ እዘረጋለሁ።

ታሪካዊ ልቦለድ፣ ስድስት መቶ ገጽ፤
ወገቡ የላላ፣ የሽማግሌ ቅርጽ።
ከኔ በፊት ያየው አንዱ ሾርባ ደፍቶ፣
አንዱ የአውቶቡስ ትኬት ምልክት ትቶ፣
አንዱ ግን በእርሳስ ኅዳጉን ሞልቶ፦

ገጽ አርባ፦ «ስሕተት። በዚያ ዓመት ይህ ድልድይ አልነበረም።»
ገጽ ስልሳ አንድ፦ «ፈረሱ ግራጫ ነበር። አሁን ጥቁር ነው። ፈረስ ቀለም አይቀባም።»
ገጽ መቶ ሁለት፦ «በዚህ ብርድ ማንም ሰው ይህን ያህል አያወራም።»

ደቃቅ ነው ጽሕፈቱ፣ የጉንዳን ሰልፍ ነው፤
አንድም እግር የለ ከመስመር የወጣው።
መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተናደድሁ፤
ቆይቶ ግን ታሪኩን ትቼ እሱን ማንበብ ያዝሁ።

ምን ቸገረው? አልሁኝ፤ ድልድይ ኖረ አልኖረ፣
ሰውየው ምጥ የያዛት ሚስት ይዞ ነበረ፤
በምን ይሻገር ታዲያ? በዋና? በጸሎት?
ደራሲው ቢጨንቀው አንድ ድልድይ ቢያውሰው ምን አለበት?

ብልም፣ ያን ለት ማታ ሥራዬን ስጨርስ
ወንዙ ዳር ወረድሁ በረዶውን ስጥስ፤
የድልድዩን እግር በስልኬ መብራት አየሁ፤
ብረት ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረት አገኘሁ።
ልክ ነው ባለ እርሳሱ።
ዘጠኝ ዓመት ቸኩሏል ደራሲው ለራሱ።

በየካቲት ደግሞ መድበል ተዋስሁ፤
ዐሥራ አራት ጸሐፊ ባንድ ጥራዝ አነሣሁ፤
መንፈስ አለ፣ ነፍሰ ገዳይ አለ፣ ከዋክብት የሚያስስ መርከብ፤
አንዱ ጥጋብ፣ አንዱ ረኃብ።
መድበል እንደ ምስር ነው፣ ጠጠር አያጣም፤
ጠጠር ፈርቶ ደግሞ ሰው ጦሙን አያድርም።

ያው እጅ። ያው ጉንዳን። እዚህስ ማርክ ይሰጣል፦
«ሦስት ከዐሥር። መርማሪው ገዳዩን ያወቀው ደራሲው ሹክ ብሎት ይመስላል።»
«ሰባት። ልጁ ገና ነው፤ ይበረታል።»
«ሁለት። ከመንፈሱ ንግግር የበሩ ሲጢጥ ማለት ይበልጣል።»

ዐሥራ አንደኛው ግን የኔ ነው። በዚያ በሰማይ መርከብ
የጠፋ ዕቃ ጠባቂ አለ፣ ሥራው መጠበቅ፣ መሰብሰብ፤
አንዲት ነጠላ ጓንት ይዞ አርባ ዓመት ኖረ፣
ባለቤቷ ትመጣለች እያለ፣ ጣቶቿን እየቆጠረ።
እኔም ከወንበር ሥር ስንቱን ጓንት ለቅሜያለሁ፤
ማንም አይጠይቀኝም፤ አልጥልም፤ አስቀምጣለሁ።
እሱ ግን፦ «ዜሮ። ለአንድ ጓንት አርባ ዓመት? ውሸት።»

ሕጉን አውቃለሁ፤ የሕዝብ መጽሐፍ ላይ አይጻፍም።
ግን ስናደድ እንግሊዝኛ አይበቃኝም፤
ከሥሩ በአማርኛ፦ «አንተ ጓንት ጠፍቶብህ አያውቅም!»

በረዶው ቀለጠ፤ ወንዙ ጮኾ ተሰበረ፤
ግንቦት ላይ ሄጄ መድበሉን ብገልጠው፣ መልስ ነበረ፦
«ይህ የምን ፊደል ነው? እግር ያለው፣ አንገት ያለው፣ አንዳንዱም ወገቡን የያዘ።
ምን እንዳልከኝ አላውቅም፤ ቁጣ ይመስላል። ታሪኩ ዛሬም ውሸት ነው።
ሆኖም ዜሮውን ሰርዤ ግማሽ ሰጥቻለሁ፤ ለፊደሉ።»

ግማሽ!
ሳምንት ሙሉ ስነዳ ብቻዬን ሳቅሁ።

ትናንት ከሰዓት፣ ሃያኛው መንገድ ላይ፣
አንዲት አሮጊት ተሳፈረች፤ ከዘራ ይዛ፣
ከጆሮዋ ጀርባ እርሳስ ሰክታ፣ ብብቷ ሥር ወፍራም መጽሐፍ ወሽቃ።
እስክትቀመጥ ፍሬኑን ያዝሁት።
ስንት ሰው እርሳስ ይይዛል። ምንም አላልኋት።
«አንተ» ብዬ የጻፍሁት ግን ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ በመስታወት አየኋት፤
ከመጽሐፏ ቀና ብላ
ብረቱን ታየዋለች፣
ዓመቱን እንደሚያመሳክር ሰው።