ተርቦ

መርማሪው ጎንበስ አለ ባትሪውን አብርቶ፣
ከዛገው ቱቦ ሥር ጣቱን አስገብቶ፤
ሲያወጣው ጥቀርሻ።
«ጭሱ ያፈተልካል ሳይደርስ መጨረሻ፣
ቦሎ አይሰጠውም።»
አባቴ ታይስቶ ድምፁን አልሰማውም፤
ከንፈሬን ፈለገ፣ ከዚያ ሊያነበው፤
ወረቀቱን ሰጠሁት፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

መኪናው ሽማግሌ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣
ተርቦ ነው ስሙ፣ ተርቦ ነው ፍጥረቱ፤
አየር ነው ረሃቡ፣
የገዛ ጭሱ ነው መልሶ ቀለቡ።
ተቃጥሎ ተጥሎ ሊወጣ ያለው ትንፋሽ
መንገድ ላይ ያገኛል አንዲት ትንሽ መዘውር፣
ገፋ አድርጓት ያልፋል፤ እሷም ስትዞር፣ ስትዞር
ከደጅ ንጹሕ አየር በጉንጯ አፍሳ
ሞተሩን ታጎርሳለች፣ የራሷን ረስታ።
ቱቦው ሲቀደድ ግን፣ ሲሾልክ በየጎኑ፣
መዘውሯ ትሰንፋለች፣ ይጎድላል መጠኑ፤
ዳገት ላይ ያለከልካል፣
ሆዱ ባዶ እንደሆነ ሰው በከንቱ ይጮኻል።

ጥቅምት ነው፤ ራውማ ላይ ቀን እያጠረ ነው።
በረዶው መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው
ሰውን ከመውደቅ አድኖ ብረቱን ነው የሚበላው።

ክሪኩን አስገባሁ፣ ከሥሩ ተኛሁኝ፤
ሦስት ቡሎን ወጡ፣ በአራተኛዋ ታገትኩኝ።
ዘይት አጠጣኋት፣ ደበደብኳት፣ ሰደብኳት፤
እምቢ።
ቁልፉ ተንሸራቶ መዳፌን ገሸለጠኝ።

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ።
አርባ ዓመት ከመርከብ ሆድ ገብቶ የበየደ፣
ጆሮውን እዚያው ከፍሎ በእጁ ብቻ የወጣ።
ኦክሲጅኑን ለኮሰ፤
ቡሎኗ ቀላች፣ ጋለች፣ ወርቅ መሰለች፤
ከኪሱ የሻማ ቁራጭ አውጥቶ ቢያስነካት
ሰሙን ምጥጥ አድርጋ እስከ ጥርሷ ጠጣች።
አንዴ አዞርኩ።
ተፈታች።

አዲሱን ቱቦ ከካርቶኑ ሳወጣው፣
የማይዝግ፣ አብረቅራቂ፣ ሦስት ኢንች ጉሮሮው፣
የጎረቤቱ ልጅ ዩሶ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ
«ማርሚታውን ጣዪው! መድፍ ይሁን!» አለኝ።
አባቴ ቱቦውን ገልብጦ አየና
«ይጮኻል» አለኝ።
«አንተ እንደሁ አትሰማው!»
ከአፌ እንደ ወጣ ቃሉ እኔኑ ፈጀኝ፣
እንደ ብየዳ ፍንጣሪ።
እሱ ግን አልከፋውም። በጠቆረ ጣቱ
ወደ ላይ አሳየኝ፣ ከጋራዡ በላይ፣
መጋረጃው ወርዶ ወደሚኖር መስኮቱ።
«ሄልቪ ተኝታለች።»

እናቴ የሌሊት ነርስ ነበረች።
ማለዳ ገብታ ስትተኛ እሱ ለሥራ ይወጣ ነበር፤
ሞተር ሳያስነሣ፣ ውርጭም ቢሆን፣ ጨለማም ቢሆን፣
ትከሻውን ሰጥቶ መኪናውን ይገፋል
እስከ ማዕዘኑ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ በር።
ከቀበርናት ሰባት ዓመት ሆነ።
ተኝታለች ሲል የቱን እንቅልፍ እንዳለ
አልጠየቅኩትም።

ሰፊውን ቱቦ ከመዘውሯ ሥር ገጠምኩት፣
ጓርኒሲዮኑን ቀይሬ፣ አንድ በአንድ አጥብቄ፤
ጅራቱ ላይ ግን ያቺን የድሮ ማርሚታ
መለስኳት።
ሽንቁሯን የደፈነው እሱ ነው፣
እጁ ሲንቀጠቀጥ ክርኑን ደግፌ፤
ስፌቱ ጠማማ ነው፣ እባብ የሄደበት አሸዋ ይመስላል፣
ግን ጭስ አያሳልፍም።

ኮፋኖውን ዘጋን። መሽቷል፣ ዝናብ ያካፋል።
ቁልፉን ላዞር ስል ክንዴን ያዘ፣
መስኮቱን አየ።
ወረድኩ። እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣
እግራችን እያዳለጠን ገፋነው
እስከ ማዕዘኑ፣ እስከ ተዘጋው ዳቦ ቤት።
እዚያ አስነሣሁት።

መዳፉን ኮፋኖው ላይ አሳረፈ፣
የእርጉዝ ላም ሆድ እንደሚዳስስ ሰው፣
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።
ነዳጅ ሰጠሁ፤ መዘውሯ ስታፏጭ
ጣቶቹ ቀስ ብለው ተዘረጉ፣
ዝናቡ በጢሙ ይወርዳል፣
«ጠገበ» አለኝ።